ጥፊ የለመደ ሻወር

የአገራችን ሰው ዕቃ ሲታመምበት ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው መድኃኒት ጥፊ መሆኑን ያላስተዋለ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ራዲዮ ድምፁ ሲሰንፍ በጎኑ፣ ቴሌቪዥን ሥዕሉ ሲንቀጠቀጥ በአናቱ፣ የእጅ ባትሪ ሲፈዝ በመዳፍ እየተመታ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ ቴክኒክ የሚባለው ጥበብ ባሕር ተሻግሮ ወደ እኛ በመጣ ጊዜ መጽሐፉ ወደብ ላይ ቀርቶ ጥፊው ብቻ ተሳፍሮ የደረሰ ይመስላል። እኔ በተከራየሁበት በሮቢቱ ግቢ ያለው የኤሌክትሪክ ሻወር ግን ከፍ ብሎ ስለ ተሰቀለ በእጅ አይደረስበትምና የተመደበለት መምቻ የመጥረጊያ እንጨት ነው፤ ገላውን ሊታጠብ የሚገባ ሁሉ በአንድ እጁ ሳሙና፣ በሌላው እጁ እንጨት ይዞ ይገባል፤ በውጭ ሆኖ የሚያዳምጥ ሰውም በውስጥ የሚካሄደው መታጠብ ይሁን ጠብ ለመለየት ይቸገራል።

ይህን ልማድ ፈጽሜ እንዳልንቀው የሚከለክለኝ ጥፊው አንዳንድ ጊዜ መፈወሱ ነው። ከቶ የማይረዳ ቢሆን ኖሮ ትውልዱ ትቶት ወደ ሌላ ምርምር ባለፈ ነበር፤ ዳሩ ግን ከብዙ ምት መካከል አንዱ ይሠምርና ውኃው ይሞቃል፤ መቺውም በሚቀጥለው ቀን እንጨቱን በበለጠ እምነት ያነሣል።

«ለመሆኑ በሮቢት የኤሌክትሪክ ሻወር ምን ያደርጋል?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር አልፈርድበትም። ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በምሥራቅ የዞብልን ተራሮች፣ በምዕራብ የግዳንን ደጋ እያየች፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በራያ ሜዳ የተቀመጠች የቆላ ከተማ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም በጣሪያ ላይ የተሰቀለው ጥቁር ሮቶ ውኃውን ያለ ሽቦና ያለ ቆጣሪ ያግለዋልና፣ ቧንቧ ከፍቶ ከሥሩ የቆመ ሰው ዘሎ ሲጮኽ ብትሰሙ ብርድ አስጮኸው አትበሉ። በዚህ አገር ውኃ ማሞቂያ መስቀል ለእኩለ ቀን ፀሐይ ረዳት መቅጠር ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን ቆላም የራሱ ሌሊት አለው፤ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ማሽላው ታጭዶ ሜዳው ሲራቆት፣ ከደጋው የሚወርደው የንጋት ነፋስ ቆለኛውን በጋቢ ጠቅልሎ ከምድጃ ዳር ያስቀምጠዋል፤ ሙቀት የለመደ ሰው ደግሞ ብርድን ከደገኛው አብልጦ ይፈራል።

የሻወሩ አመጣጥ በፍቅር ነው። የግቢያችን ባለቤት አዛውንት አንዲት ልጃቸው፣ ከራያ ወጣቶች ብዙዎቹ እንዳደረጉት፣ ቀይ ባሕርን ተሻግራ በሳውዲ ዐረቢያ በሰው ቤት ስትሠራ ከቆየች በኋላ ለዕረፍት መጣች፤ በመጣችም ጊዜ በሻንጣዋ ከያዘችው ልብስና ሽቶ መካከል ይህን ነጭ የፕላስቲክ ራስ አውጥታ በአባቷ ጭን ላይ አኖረችውና «አባዬ፣ ከእንግዲህ በቀዝቃዛ ውኃ ገላህን አትታጠብም» አለች። ሽማግሌው ስጦታውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ግራና ቀኙን ካገላበጡ በኋላ «ይህ ሁሉ ቀዳዳ ለምን አስፈለገ?» ብለው ጠየቁ። ልጅቱ ተመልሳ ሄደች፤ ዕቃውና አደራው ቀሩ፤ ዐርብ ዐርብ ስትደውልም ከጤናና ከዝናብ ቀጥላ የምትጠይቀው «ሻወሩስ?» ብላ ሆነ። በባዕድ አገር የሰው ልብስ እያጠበች ያጠራቀመችው ገንዘብ ነውና፣ ዕቃው ሲታመም ሽማግሌው የሚጨነቁት ስለ ገላቸው ብለው አይደለም።

መሣሪያው ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ሆዱ ግን ሰፊ ነው። በብራዚል አገር በየቤቱ የሚገኝ፣ ውኃን በጋን አከማችቶ ሳይሆን በሚያልፍበት ቅጽበት የሚያሞቅ ዓይነት ሲሆን፣ በውስጡ ከኒኬልና ከክሮም የተሠራ የተጠማዘዘ ሽቦ አለ፤ ከዚያም ጋራ የውኃው ግፊት ሲደርስበት የሚነሣ፣ ተነሥቶም የኤሌክትሪኩን መንገድ የሚያገናኝ ስስ ጎማ ተዘርግቶበታል። ውኃ ካልገፋው ጎማው አይነሣም፤ ጎማው ካልተነሣ ሽቦው አይግልም፤ ይህም የተደረገው ሽቦው በደረቁ ግሎ እንዳይቃጠል ነው። በጀርባው የተጻፈው ኃይል 5,500 ዋት ሲሆን፣ ለ220 ቮልት ሲካፈል 25 አምፔር ይወጣዋል፤ እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ገደማ ነውና በሰፈራችን ከእርሱ የሚበልጥ በላተኛ አልነበረም።

መጀመሪያ የታመመው በአንድ ምሽት፣ ሽማግሌው ራሳቸውን በሳሙና አረፋ ከሸፈኑ በኋላ ነው። በፎጣ ተጠቅልለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በወጡ ጊዜ የግቢው ሰው ሁሉ ሳይጠሩት ወይ ብሎ ከመታጠቢያው ደጅ ተሰበሰበ፤ እያንዳንዱም ከየሙያው ምርመራውን ሰጠ። ባለሱቁ «የቻይና ዕቃ ነዋ!» አለ፤ ዕቃው የየት አገር መሆኑን ገልብጦ ያየ ግን የለም። አንዲት ጎረቤት፣ ልጅቱ ሻንጣዋን ስትፈታ የተመለከተ ዓይን ብዙ መሆኑን አስታውሳ ራሷን ነቀነቀች። የጭነት መኪና የሚነዳው ተከራይ «አየር ይዟል» አለ፤ ሾፌር ከመኪናው ውጭም ያለ ነገር ሁሉ አየር የያዘ ይመስለዋል። በዚህ ሁሉ መካከል የሽማግሌው ባለቤት እትዬ፣ ከማጀት ደጅ ቆመው «እኔ ድሮም ገላ በሽቦ አይታጠብም ብዬ ነበር» አሉ፤ እርሳቸው እንጀራቸውን እስከ ዛሬ በማሽላ አገዳ የሚጋግሩ፣ ኤሌክትሪክን ለአምፖል ብቻ የሚያምኑት ሴት ናቸው።

በመጨረሻ የተናገሩት በአጠገባችን ባለው ደብር የሚያስተምሩት መሪጌታ ነበሩ። ከዚያ ሻወር ሥር ቆመው ባያውቁም፣ የዕቃውን የውስጥ አካል ሽማግሌው ካስረዷቸው በኋላ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንዲህ አሉ፤ «ንባቡ ‘ውኃው አልሞቀም’ የሚል ነው። ትርጓሜው፣ ኃይል ከምሰሶው አልመጣም ሲል ነው። አንድም፣ ኃይሉ መጥቶ ሳለ በመንገድ ቀርቷል ሲል ነው። አንድም፣ ኃይሉ እስከ ደጅ ደርሶ ውኃው ጎማውን አላነሣለትም ሲል ነው። አንድም፣ ጎማው ተነሥቶ ሽቦው ተበጥሷል ሲል ነው። አንድም፣ ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ ኃይሉ ከመጠኑ ጎድሏል ሲል ነው።» ጉባኤው ሳቀ፤ ሾፌሩም «መሪጌታ፣ ሻወር እኮ ዳዊት አይደለም» አለ። የኤሌክትሪክ ሙያ ደንብ ግን ብልሽት ከምንጩ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ዕቃ በተራ ይፈለግ፣ አንዱ ሳይጣራ ወደ ሌላው አይታለፍ የሚል ነውና፣ በዚያ ምሽት ከነበሩት መርማሪዎች ሁሉ ቀጥተኛውን መንገድ ያመለከቱት ሽቦ በእጃቸው ይዘው የማያውቁት እኚህ ሊቅ ብቻ ነበሩ። የሰማቸው ግን የለም።

በማግሥቱ የተጠራው ወጣት አንድም የሚል አልነበረም፤ እርሱ የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ያም መለወጥ። ከደረት ኪሱ ቴስተሩን አውጥቶ ሽቦውን ነካ፤ በእጀታው ውስጥ ያለችው ትንሽ መብራት ቀላች፤ እርሱም «መብራት አለ፤ የተበላሸው ውስጡ ነው» ብሎ ፈረደ። ያች ቀይ መብራት ግን 100 ቮልትም ቢደርሳት፣ 220ም ቢደርሳት መቅላቷ አይቀርምና «አለ» ለማለት እንጂ «ይበቃል» ለማለት ሥልጣን የላትም። የሚያሞቀውን ሽቦ ለወጠ፤ ውኃው አልሞቀም። ከቆጣሪው ሥር ያለው 16 አምፔር ብሬከር ዕቃው በተከፈተ ቁጥር ሲወድቅ ባየ ጊዜ ደግሞ፣ 25 አምፔር ሲጠየቅ መውደቅ የብሬከሩ ግዴታ መሆኑን ሳያስብ፣ እርሱን ነቅሎ 40 አምፔር ተከለ፤ ሌሊት ስለ ጮኸ ውሻውን ገድሎ በሰላም እንደሚተኛ ባለቤት ማለት ነው። በግድግዳው ውስጥ የተዘረጋው ለአምፖል የታሰበ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ነበርና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የፕላስቲክ እርር ሽታ ከሳሙናው ሽታ ጋራ ይቀላቀል ጀመር። ወጣቱም የቀረውን ጥርጣሬ ሁሉ በጥቁር ናስትሮ ጠቅልሎ፣ ፒንሳውን ወደ ኪሱ መልሶ ሄደ።

ከዚያም በኋላ ሻወሩ አዲስ ጠባይ አመጣ፤ ይነዝር ጀመር። ውኃውን ለመዝጋት እጁን የሰደደ ሁሉ ክንዱ እስከ ትከሻው ተነዝሮ ይመለሳል፤ የዚህም ምክንያት፣ እንዲህ ባለው ዕቃ ውስጥ የሚያሞቀው ሽቦ ራቁቱን በውኃ ውስጥ የሚቀመጥ ሲሆን፣ ያመለጠውን ኮረንቲ ወደ መሬት የሚያወርደውን አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ መጀመሪያ የሰቀለው ሰው «ይኼ ትርፍ ነው» ብሎ ስለ ቆረጠው ነው። ሽማግሌው ግን በዚህ አልተቆጡም። «ለቁርጥማቴ ተስማምቶኛል» አሉ፤ እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ ረዘም አድርገው ይቆዩ ጀመር፤ ጠበል የገባም ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ድኖም ይወጣል የሚል ማስረጃ ሲያመጡ መሪጌታ ሰምተው «ጠበሉ ቆጣሪ የለውም!» ብለው ገሠጿቸው።

በዚህ ስፍራ ሳቁን ጥቂት ላቁም። ለሰው ልብ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ኮረንቲ እንኳ ጥቂት ከቆየ አደገኛ ነው፤ ስለዚህም ለሰው ደኅንነት የሚሠሩት ልዩ ብሬከሮች ያን ያህል ኮረንቲ ከመንገዱ ሲወጣ ወዲያው እንዲቆርጡ ተደርገው ይሠራሉ። ሻወሩ የሚስበው 25 አምፔር ከዚያ መጠን ከ800 ጊዜ በላይ ይበልጣል። እርጥብ ገላ፣ ባዶ እግር፣ የሲሚንቶ ወለል፤ ለሞት ከዚህ የተሻለ ዝግጅት አይደረግለትም።

ስለዚህ ከወልድያ አንድ ሸበቶ ባለሙያ ተጠራ። ይህ ሰው ምንም ሳይነካ አስቀድሞ ብሬከሩን አወረደ፤ ካወረደም በኋላ መውረዱን በመለኪያ አረጋገጠ፤ ከዚያም ዘወር ብሎ «ስትመቱት ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ዝም አለ፤ ሾፌሩ ጣሪያ ጣሪያውን አየ፤ እኔም የመጥረጊያውን እንጨት ከበሩ ኋላ ገፋ አደረግሁት። በመጨረሻ ሽማግሌው፣ በንስሐ አባታቸው ፊት የቆሙ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አልፎ አልፎ» ብለው ተናዘዙ። ባለሙያው ግን አልገሠጻቸውም፤ ይልቁንም ደስ አለው። «ይኼ ትልቅ ምልክት ነው አባባ። የተቃጠለ ሽቦ ሲመቱት አይነሣም፤ የተቋረጠ መስመር ሲመቱት አይቀጥልም፤ በጥፊ የሚድነው የላላ መጋጠሚያ ብቻ ነው» አለ። ጣቱንም ሰድዶ ሽቦው ከዕቃው ጋራ የሚገናኝበትን ስፍራ አሳየን፤ መዳቡ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ፣ ብሎኑ በጥፍር የሚዞር ሆኗል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ብረት ሲግል ይሰፋል፣ ሲበርድ ይኮማተራል፤ በዚህ መስፋትና መኮማተር ብሎኑ ቀስ በቀስ ይላላል፤ የላላ መጋጠሚያ ደግሞ ኮረንቲው በጠባብ ስፍራ ሲጋፋ ከቀድሞው ይበልጥ ይግላል፤ በጋለ ቁጥር ይላላል፣ በላላ ቁጥር ይግላል፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ማለት ይህ ነው።

በዚያን ቀን የተደረገው ሥራ ምንም የሚወጣለት አልነበረም። ከቆጣሪው ተነሥቶ እስከ ሻወሩ ድረስ ለብቻው 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ተዘረጋ፤ 40ው ወርዶ 32 አምፔር ብሬከር ገባ፤ ከእርሱም ጎን ያ ለሰው ደኅንነት የሚሠራው ልዩ ብሬከር ቆመ። ሻወሩ ሲፈታ በሆዱ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ተገኘ፤ የምንጠጣው ውኃ የቆቦን ሜዳ ሽንኩርትና ቲማቲም እንደሚያጠጣው ሁሉ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነውና፣ ሲሞቅ ኖራውን እየተወ ሽቦውን ጋቢ ያለብሰዋል፤ ይህም በሎሚ ጭማቂ ተዘፍዝፎ ጸዳ። ሮቶውም ከፍ እንዲል ተደረገ፤ የአንድ ሜትር ከፍታ ግፊት አንድ አሥረኛ ባር ብቻ ስለሆነ፣ ውኃው ሲያጥር ያ ስስ ጎማ ለመነሣት አቅም ያጣል። በግቢው ማዕዘንም የመዳብ ዘንግ ተቀበረ፤ የራያ አፈር በበጋ ደርቆ ሲሰነጠቅ ኮረንቲ አላሳልፍ ስለሚል በዙሪያው ጨውና ከሰል ተጨምሮ በየጊዜው ውኃ እንዲጠጣ ታዘዘ። እትዬ ከዚያ ወዲህ ዘንጉን ከጌሾአቸው ጋራ አብረው ያጠጣሉ፤ አንድ ከዞብል የመጣ እንግዳ «ምን ዓይነት ተክል ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ኧረ እኔ እንጃ፤ እስከ አሁን አልበቀለም» ብለው መለሱለት።

እንግዲህ ሁሉም ተስተካከለ ስንል ሻወሩ በምሽት እንደ ገና አልሞቅም አለ። ጎማው ይነሣል፣ ሽቦው ያጉረመርማል፣ ውኃው ግን ከቧንቧ ውኃ የሚለየው በስም ብቻ ነው። እንጨቱም ዳግመኛ ከበሩ ኋላ ወጣ፤ አሁን ግን ምንም አልፈየደ። በዚህ ጊዜ በግቢያችን ከመንገድ ዳር ያለውን ቤት የተከራዩት ሐጂ መጥተው ነገሩን አወሳሰቡት። «የምን ብልሽት ነው የምታወሩት? እኔ ከሱብሒ ሶላት በፊት ገላዬን ስታጠብ ያቃጥለኛል እንጂ አይበርደኝም» አሉ። ሽማግሌው «እኔ ማታ በረዶ ነው የሚወርድብኝ» አሉ። ሁለቱም በሰፈሩ ሐሰት በመናገር የማይታወቁ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ በመስቀል፣ አንዱ በቁርኣን ሊምሉ ትንሽ ቀራቸው። ሾፌሩም «ሻወሩ ሰለመ መሰለኝ» ብሎ ሁለቱንም አሳቀና ጠቡ በረደ።

በፍርድ ቤት ሁለት የታመኑ ምስክሮች ሲጋጩ ዳኛው የሚጠይቀው ስለ ሰዓቱ ነው፤ በግቢያችን ግን ስለ ሰዓት የጠየቀች ከተከራዮቹ የአንዱ ልጅ የሆነች የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከትምህርት ቤቷ ቤተ ሙከራ መልቲሜትር ተውሳ መጥታ፣ ሶኬቱን ማለዳ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ለካች፤ 220 ቮልት አገኘች። ማታ 1 ሰዓት ላይ ለካች፤ 160 አገኘች። ከአራት አንድ እጅ ያህል መጉደሉ ነው፤ «ከሙቀቱስ ሩቡ ቢቀነስ ምን አለበት?» ብለን ብንል፣ ልጅቱ በደብተሯ ላይ አስልታ አሳየችን፤ የሚሞቅ ሽቦ ኃይል ከቮልቱ ጋራ እኩል አይወርድም፤ ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው መጠን ይወርዳልና 5,500 የነበረው ዋት ወደ 2,900 ወርዷል። በደቂቃ 4 ሊትር ለሚፈሰው ውኃ ይህ ማለት፣ ማለዳ 20 ዲግሪ ያህል የሚጨምርለት ሙቀት ማታ 10 ብቻ ይሆናል። ሽማግሌው ደብተሩን አቅርበው አርቀው ካዩ በኋላ «ታዲያ ግማሹን ማን ወሰደው?» አሉ።

ጥያቄው የብዙ ጊዜ መልስ ነበረው፤ ያዘገየው አዲሱ አምፖል ነው። በቀድሞው ዘመን በየቤቱ ይንጠለጠል የነበረው ባለ ሽቦ አምፖል ቅን ፍጥረት ነበርና ኃይል ሲያንሰው ፊቱ እንደ ፍም ይቀላ፣ የቤቱም ሰው ሁሉ መብራቱ እንደ ደከመ ያውቅ ነበር፤ የዛሬው ኤልኢዲ አምፖል ግን ብዙው ከ100 ቮልት ጀምሮ እስከ 240 ድረስ በአንድ ዓይነት ብርሃን እየሳቀ ይኖራል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለእርሱ ሆነ። ሌላም ምክንያት አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወደዚህ ሜዳ ከወረደ በኋላ ለወራት በጨለማ ያደረ ሕዝብ፣ አምፖሉ ከበራለት ስለ ቮልት ማነስ አቤት ለማለት ልቡ አይጨክንም። መጥቷል፤ በቃ። ስንት ሆኖ እንደ መጣ መጠየቅ ጥጋብ ይመስለዋል።

ሌባውን ለመፈለግ ብዙ አልተደከመም፤ ማታ በሰፈሩ ሲዘዋወሩ የእንጀራው ሽታ ከየቤቱ ይመሰክራል። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ በሰፈራችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ሁሉ ይጋግራል። በ15,000 ወይም በ33,000 ቮልት የመጣውን ኃይል ለየቤቱ ወደሚስማማ መጠን የሚያወርድ ትራንስፎርመር፣ ለምሳሌ መቶ ኪሎ ቮልት አምፔር የተጻፈበት ቢሆን፣ 4,000 ዋት የሚበላ ምጣድ ከ25 በላይ በአንድ ጊዜ ሊሸከም አይችልም፤ ከትራንስፎርመሩ ርቆ በቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ ያለ ቤት ደግሞ ኃይሉ በመንገድ ሲባክን ትራፊውን ይቀበላል። ግቢያችን ጫፍ ላይ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ በምጣድ ጥፋት በመጥረጊያ እንጨት ሲደበደብ የከረመው ሻወሩ ነበር።

መሪጌታ ይህን በሰሙ ጊዜ የመጨረሻው አንድምታቸው መድረሱን በትሕትና አስታወሱን፤ ቀጥለውም የኤሌክትሪክን ታሪክ አነሡ። ዐፄ ምኒልክ በቤተ መንግሥታቸው በ1890 ዓ.ም. ገደማ መብራት ካበሩበት ጊዜ ተነሥተው፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራውን የአባ ሳሙኤልን 6 ሜጋ ዋት፣ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የቆቃን 43 ሜጋ ዋት፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን የተከዜን 300 ሜጋ ዋት ሲቆጥሩ መጥተው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የኅዳሴ ግድብ ደረሱ። ተማሪዋ ወዲያው 5,150 ሜጋ ዋቱን ለሻወራችን አካፍላ፣ ግድቡ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 900,000 ያህል ሻወሮችን በአንድ ጊዜ ማሞቅ እንደሚችል አስታወቀች። ሽማግሌው ከኮምቦልቻ ወደ አላማጣ የሚሄደውን 230,000 ቮልት የተሸከመ ትልቅ መስመር፣ በራያ ማሳዎች ላይ ምሰሶ ከምሰሶ እየዘለለ ሲያልፍ በጣታቸው አመለከቱና «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ችግሩ የላሟ አይደለም፤ ከሰማይ ወደ ሻወራችን የሚወርደው የመጨረሻው ገመድ ቀጥኗል።

ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ተጻፈ፤ እኔ ረቂቁን አዘጋጀሁ፤ መሪጌታ «በትሕትና» የሚለውን ቃል ከሁለት ስፍራ ጨመሩበት። መልሱ እስኪመጣ ግን ገላ አይጠብቅምና ጎረቤቶች በዛፍ ጥላ ተሰብስበው ውል ተዋዋሉ። ሴቶቹ እንጀራቸውን ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት እንዲጋግሩ ተለመኑ፤ ከመካከላቸው አንዷ «ለገላ ተብሎ እንጀራ ሲዘገይ አይተን አናውቅም» ብላ ስትቃወም፣ ቆጣሪ ከሌለበት ማጀታቸው ሆነው የሚያዩት እትዬ «እኔን አታሳቡኝ፤ እኔ በአገዳ ነው» ብለው ተመጻደቁ። በውሉም መሠረት ዐርብ ማታ ምጣድ ሁሉ ዐረፈ፤ ተማሪዋ ሶኬቱን ለካች፣ 212 ቮልት ሆነ፤ ሽማግሌው ገቡ፤ ያለ እንጨት፣ ያለ ንዝረት፣ እንፋሎት በበሩ ሥር እስኪወጣ ድረስ ታጥበው፣ ፊታቸው ቀልቶ ሲወጡ የስልኩ ጥሪ ተሰማ።

«ሻወሩስ አባዬ?»

«ኧረ ተይኝ ልጄ! ቆዳዬን ሊገፈኝ ነው። ደኅና ዕቃ ኖሯል፤ ለካ ያደከመው የጎረቤቱ ምጣድ ነው። ሰፈሩ በሙሉ በመብራት ይጋግራል፤ እናትሽ ብቻ ነች በአገዳ የምትጋግር፤ እርሷማ አንድ ቮልት አልነካችብኝም።»

ከወዲያ በኩል ጥቂት ዝምታ ሆነ።

«እማዬ እስከ ዛሬ በጭስ ነው የምትጋግረው? ከዓይኗ ሕመም ጋራ?»

«አይ፣ እርሷ እንኳ ለምዳዋለች...»

«አባዬ ስማኝ። ነገ ገንዘብ አስገባልሃለሁ። ቆቦ ወርደህ የኤሌክትሪክ ምጣድ ትገዛላታለህ። ትልቁን።»